ኮምፒውተር የሌለው የዌብ ክፍል፦ አንድ የማታ ኮርስ ሁለት ጊዜ ሲሰጥ

የጉዳዩ ቦታ ከአቃቂ ቃሊቲ አልፎ፣ የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ በሚነሳበት በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ነው። የኮሌጁም የሰዎቹም ስም አልተጠቀሰም። ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገው ያው ኮርስ በተከታታይ ሁለት ዙር ስለተሰጠ ነው። አሰልጣኙ አንድ፣ ላቡ አንድ፣ የኢንተርኔት መስመሩም አንድ ነበር። የተለወጠው የኮርሱ አሠራር ነው፤ ውጤቱም አብሮ ተለወጠ።

ክፍሉና ሰልጣኞቹ

ኮርሱ የዌብ ዴቨሎፕመንትና የዳታቤዝ ደረጃ 4 የማታ ክፍል ነው። በመጀመሪያው ዙር 38 ሰልጣኞች ተመዘገቡ። አብዛኞቹ አቃቂና ገላን ባሉ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች የሚሠሩ፣ ጥቂቶቹ ሱቅ የሚሸጡ፣ ሁለት ሦስቱ ደግሞ የጥበቃ ሠራተኞች ነበሩ። የሚኖሩት ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየምና ገላን ነው። ፕሮግራሙ ላይ ትምህርቱ በሳምንት ሦስት ቀን ከምሽቱ 11:30 እስከ 2:30 ይላል። እንደ እውነቱ ግን ፈረቃው 11 ሰዓት የሚያልቅለት ሰው 12 ሰዓት ሳይሞላ ክፍል አይገባም። ወደ ኮዬ የሚሄደውም ታክሲ እንዳያጣ 2 ሰዓት ላይ ቦርሳውን ማንሳት ይጀምራል። በሳምንት 9 ሰዓት የተባለው ትምህርት 6 ሰዓት ነበር።

ላቡ ውስጥ 22 ዴስክቶፕ አለ፤ የሚሠሩት 17 ናቸው። ሌሎች ዲፓርትመንቶችም ስለሚጠቀሙበት ለዚህ ክፍል የሚደርሰው በሳምንት አንድ ምሽት ብቻ ነው።

ኮሌጁ ጉድለቱን በኦንላይን ልሙላው አለ። በኪራይ ሰርቨር ላይ ሙድልን አስጫነ። ሙድል ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነጻ የሚገኝ፣ ኮሌጆች በስፋት የሚጠቀሙበት የኦንላይን ትምህርት ሥርዓት ስለሆነ ምርጫው በራሱ ስህተት አልነበረም። አሰልጣኙ 24 ትምህርቶችን፣ እያንዳንዳቸውን 45 ደቂቃ፣ ስክሪኑን እየቀዳ አዘጋጅቶ ጫነ።

በመጀመሪያው ዙር የተበላሸው

ሒሳቡን አስቀድሞ የሠራው ሰው አልነበረም። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚፈጅ የ45 ደቂቃ ቪዲዮ 2,700 ሜጋቢት፣ ማለትም 337 ሜጋባይት ገደማ ነው። 24ቱ ሲደመሩ 8 ጊጋባይት ያልፋሉ። ይህ ሁሉ ሰልጣኙ በራሱ ካርድ ከሚሞላው ፓኬጅ የሚወጣ ነው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቪዲዮዎቹ በፍላሽ መዞር ጀመሩ፤ የዳታው ወጪ በዚህ ተቃለለ፣ ችግሩ ግን አልተቃለለም። ቪዲዮው የተቀዳው ሰፊ ሞኒተር ላይ በትንሽ ፊደል ነው። ያ ምስል ወደ ስልክ ስክሪን ሲጠብ የአንድ መስመር ኮድ መጨረሻ ሴሚኮሎን ይሁን ኮማ አይለይም። ኮድ በሚያስተምር ቪዲዮ ውስጥ ደግሞ ትምህርቱ ያለው እዚያች ነጥብ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የሰዓት ነው። አሰልጣኙ ክፍል ውስጥ «ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ድረስ አስገቡ» ብሎ ሙድል ላይ 03:00 ሞላ። ለሥርዓቱ 03:00 ማለት ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። መግቢያው ከተነገረው ጊዜ 18 ሰዓት ቀድሞ ተዘጋ። ሰልጣኞቹ ማክሰኞ ከሥራ ወጥተው ሲሞክሩ አልቀበልም አላቸው፤ አሰልጣኙም መጀመሪያ «ሰበብ ነው» ብሎ ዜሮ ሰጠ። ስህተቱ የታወቀው ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው። ዜሮው ተነሳ፤ ሙድል ላይ የነበረው እምነት ግን ተመልሶ አልመጣም፤ ከዚያ በኋላ ሰልጣኞቹ ሥራቸውን በቴሌግራም መላክ ቀጠሉ።

ሦስተኛው ስለ አሳይመንቱ ነው። ትእዛዙ «ሳይታችሁን ዚፕ አድርጋችሁ ጫኑ» ይላል። ኮምፒውተር የሌለው ሰልጣኝ ምን ያድርግ? በርካቶቹ ኮዱን ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ጽፈው በስልክ ፎቶ አንስተው ለመጫን ሞከሩ። ፎቶው 4 ሜጋባይት ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፒኤችፒ (ሙድል የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ) መቼቱ ካልተነካ የሚቀበለው እስከ 2 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ እሱንም መለሰባቸው። በእጅ የተጻፈ ኤችቲኤምኤል (የዌብ ገጽ የሚጻፍበት ኮድ) የያዙት እነዚያ ፎቶዎች የኮርሱን ችግር ከየትኛውም ሪፖርት በላይ ይናገሩ ነበር። ያኔ ግን ማንም እንደ ማስረጃ አላያቸውም፤ እንደ ስንፍና ነው የታዩት።

የማጠቃለያው ሥራ አምስት አምስት፣ ስድስት ስድስት እየሆኑ በቡድን የሚሠሩት ሳይት ነበር። ሰባት ቡድኖች ሰባት የሚያምሩ ሳይቶች አቀረቡ። ከሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ፈተና በፊት በተደረገው ልምምድ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው፣ ከባዶ ፋይል ተነስቶ፣ ቅጽና ሠንጠረዥ ያለው አንድ ገጽ እንዲሠራ ተጠየቀ። ኮርሱን ከጨረሱት 31 ሰልጣኞች የቻሉት 9 ናቸው። ቁጥሩ ከቡድኖቹ ቁጥር ብዙም አይርቅም፤ በየቡድኑ የሠራው አንድ ሰው ነበር ማለት ነው።

ምርመራው

የኮሌጁ የመጀመሪያ መልስ «ኔትወርክ ነው» የሚል ነበር፤ የመስመሩን ፍጥነት ለማሳደግ ደብዳቤም ተጽፎ ነበር። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት የሰርቨሩን የጉብኝት መዝገብ አስወጣች። መዝገቡ የእያንዳንዱን ጎብኚ ሰዓትና የመሣሪያ ዓይነት ይይዛል። ከጥቂት መስመሮች በቀር ሁሉም አንድሮይድ ስልክ ሆኖ ተገኘ፤ አብዛኛው ጉብኝትም ከምሽቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሰልጣኞቹ ቤታቸው ሆነው ነው። የኮሌጁን መስመር ማፋጠን ኮሌጅ ውስጥ የሌለን ሰው አይጠቅምም። ደብዳቤው ቀረ።

ለሁለተኛው ዙር ምዝገባ ላይ አራት ጥያቄ ያለው ወረቀት ተጨመረ፦ ምን መሣሪያ አለህ፣ ስልክህ ላይ ምን ያህል ባዶ ቦታ አለ፣ ለማጥናት ነጻ የምትሆነው በስንት ሰዓት ነው፣ ቤትህ መብራት በሳምንት ስንት ምሽት ይጠፋል። ከተመዘገቡት 36 ሰልጣኞች ላፕቶፕ ያላቸው 6 ብቻ ሆኑ። ስልክ የሌለው ግን አንድም አልነበረም።

ኮርሱ እንደገና ሲሠራ

ውሳኔው ቀላል ነበር፤ ስልክ ላይ ሊሠራ የማይችል የቤት ሥራ አይሰጥም።

ትምህርቱ ወደ ጽሑፍ ተመለሰ። 96 አጫጭር ገጾች ተዘጋጁ፤ አንዱ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ያስተምራል፣ ክብደቱም ከ15 ኪሎባይት አይበልጥም። ቪዲዮ የቀረው እንቅስቃሴው ካልታየ ለማይገባ ነገር ብቻ ነው፤ 14 ቪዲዮ፣ እያንዳንዱ 5 ደቂቃ። የተቀዱት በ854 በ480 ፒክስል፣ በሰከንድ 10 ምስል፣ ድምፁ በአንድ ቻናል ሆኖ ነው። የጽሕፈት ፕሮግራሙ ፊደል ወደ 28 ከፍ ብሎ መስኮቱ በአንድ መስመር ከ45 ፊደል በላይ እንዳይዝ ተደረገ። አንዱ ቪዲዮ ከ7 እስከ 8 ሜጋባይት ሆነ። ሙሉ ኮርሱ ከነምስሎቹ 115 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ከዱሮው የአንዷ ቪዲዮ ሲሶ ማለት ነው።

ሰርቨሩ ከኪራይ ወጥቶ ኮሌጁ ውስጥ ገባ። 8 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ኤስኤስዲ ተገጠመለት፤ ኡቡንቱ ሰርቨርና ሙድል ተጫነበት፤ ከአንድ የዋይፋይ ማሰራጫ ጋር ተያያዘ። ሰልጣኙ ክፍል ሲገባ የሳምንቱን ትምህርት በኮሌጁ ዋይፋይ ያወርዳል፣ የሠራውንም ያስገባል። ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ካርድም አይቆርጥም።

ይህ ክፍል ያለ ችግር አልሄደም። በሦስተኛው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሙድል አልከፍት አለ። ማሽኑ በርቷል፣ ዋይፋዩም አለ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሰርቨሩ የኔትወርክ አድራሻውን የሚያገኘው ከራውተሩ (ከዋይፋይ ማሰራጫው) ነበር፤ መብራት ሲመለስ ራውተሩ ሌላ አድራሻ ሰጠው። ሙድል ደግሞ የራሱን አድራሻ ማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ጽፎ ይይዛል፤ ስለዚህ አዲሱን አድራሻ የሚጽፈውን ሰው ሳይቀር ወደ አሮጌው ይመልሰዋል። ሁለት ምሽት ባከነ። መፍትሔው ራውተሩ ከሚያድላቸው ቁጥሮች ውጭ የሆነ ቋሚ አድራሻ ለሰርቨሩ መስጠት ነው። ዩፒኤስም ተገዛ፤ ሥራ ለማስቀጠል አይደለም፣ ማሽኑን በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ እንዲሰጥ ነው። ዳታቤዙ እየጻፈ መብራት ቢጠፋ የሚጎዳው የሰልጣኙ ሥራ ነውና።

ሌላው የተረሳው ክሮን የሚባለው ነው። ሙድል ማሳወቂያ የሚልከው፣ የኮርሱን ቅጂ በራሱ የሚያስቀምጠው በየደቂቃው የሚነሳ ትእዛዝ ሲኖር ነው። ትእዛዙ አልተጻፈም ነበር። ሳይቱ ላይ ላዩን ደህና ስለሚሠራ ለአንድ ወር ማንም አላወቀም፤ የታወቀው ቅጂ ተፈልጎ አንድም ሲጠፋ ነው። የሰዓት ሰቁም አብሮ ወደ አዲስ አበባ ተስተካከለ፤ የማስገቢያ ጊዜም በሁለቱም አቆጣጠር፣ «ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት (21:00)» ተብሎ መጻፍ ተጀመረ።

ስልክ ላይ ኮድ መጻፍ

ለጽሕፈት አኮድ የተባለው የአንድሮይድ መተግበሪያ ተመረጠ፤ ኮዱን እዚያው ጽፎ ገጹን እዚያው ለማየት ያስችላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያለቁት ግን ከኪቦርድ ጋር በመታገል ነው። ሦስት ስህተቶች ደጋግመው መጡ።

አንደኛው የአማርኛ ኪቦርዱ ነው። ሰልጣኙ ለገጹ ርዕስ አማርኛ ጽፎ ኪቦርዱን ሳይመልስ ሲኤስኤስ (የገጹን ቀለምና አቀማመጥ የሚወስነው ኮድ) ውስጥ የእንግሊዝኛው ሴሚኮሎን (;) በሚገባበት ቦታ የአማርኛውን «፤» ያስገባል። ብራውዘሩ ስህተት ብሎ አይጮህም፤ ያን መስመር ከሚቀጥለው ጋር ጠቅልሎ ዝም ብሎ ይተወዋል። ቀለሙ ለምን እንዳልተለወጠ ግማሽ ሰዓት የሚፈልግ ሰው በዚህች ምልክት ነው የሚጠፋው። ሁለተኛው ከቴሌግራም ወይም ከወርድ ተቀድቶ የሚመጣው የታጠፈ ጥቅስ ምልክት ነው፤ ኮድ የሚያውቀው ቀጥ ያለውን ብቻ ነው። ሦስተኛው ስልኩ የመጀመሪያዋን ፊደል በራሱ ትልቅ ማድረጉ ነው። ይሄኛው የሚያደናግረው ወዲያው ስለማይታይ ነው፤ ስልኩም የላቡ ዊንዶውስም በፋይል ስም ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለዩም፣ ሰርቨሩ የሚሠራበት ሊኑክስ ግን ይለያል።

«ቲቸር፣ እኔ ስልክ ላይ ምስሉ ይታያል፣ ሰርቨሩ ላይ ግን የለም።»

«እስቲ የፋይሉን ስም አንብቢልኝ።»

«ሎጎ ነጥብ ፒኤንጂ።»

«ኤሉ ትልቁ ነው ትንሹ?»

«...ትልቁ።»

«ኮዱ ላይስ?»

ከዚህ በኋላ አንድ ሕግ ወጣ፤ የፋይልና የፎልደር ስም ሁሌም በትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ። ሕጉ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ስልኩ የሰጠው ያልታሰበ ጥቅምም ነበር። በቀድሞው ዙር ከባድ የነበረው ገጽን ከስክሪን ስፋት ጋር የማስማማት ርዕስ እዚህ ቀላል ሆነ። ገጹ አናት ላይ የቪውፖርት መስመር (ገጹ የስልኩን ስፋት እንዲይዝ የሚያዘው) ካልተጻፈ ስልኩ ገጹን 980 ፒክስል ስፋት እንዳለው ቆጥሮ ያጠበዋል፤ ፊደሉ ጉንዳን ያህላል። ኮምፒውተር ላይ ይህን ማስረዳት ግድ ይል ነበር። ስልክ ላይ ሰልጣኙ ራሱ «ለምን አነሰብኝ?» ብሎ ይመጣል።

የቤት ሥራው

የቡድን ሳይቱ ቀረ። በምትኩ እያንዳንዱ ሰልጣኝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ገጽ ያሳድጋል፦ የሰፈሩን ዳቦ ቤት፣ ሱቅ ወይም ጀበና ቡና የዋጋ ዝርዝር። በመጀመሪያው ሳምንት ርዕስና ሠንጠረዥ፣ በሦስተኛው ቀለምና አቀማመጥ፣ በስምንተኛው የተመረጠውን ዕቃ ዋጋ የሚደምር ጃቫስክሪፕት፣ በአሥራ አንደኛው ትእዛዝ ተቀብሎ ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስቀምጥ ፒኤችፒ። በሳምንት ሁለት ሥራ ይሰጣል፤ አንዱ ከ15 እስከ 40 መስመር ነው።

እዚህ ላይ የአሰልጣኙ ጊዜ ተፈተነ። 36 ሰው፣ ሁለት ሥራ፣ ለአንዱ 6 ደቂቃ ቢባል 432 ደቂቃ ነው፤ በሳምንት ከ7 ሰዓት በላይ ማረም፣ ያውም ያልተከፈለበት። እስከ አራተኛው ሳምንት ሞክሮት ወደቀ። ከዚያ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ሰው እንዲያየው፣ ሌላውን ኑ ኤችቲኤምኤል ቼከር የተባለው ማረሚያ እንዲፈትሸው ተወሰነ። ማረሚያው ያለ ኢንተርኔት ሰርቨሩ ላይ ይሠራል። ሰልጣኞቹን መጀመሪያ ያስደነገጣቸው የስህተቱ ብዛት ነው፤ አንድ ታግ (የኤችቲኤምኤል ምልክት) ሳይዘጋ ቢቀር አሥር ስህተት ይዘረዝራል። «ከላይ ያለችውን አንዷን ብቻ አርመህ እንደገና አስፈትሽ» የሚለው ምክር ነገሩን ፈታው።

በየሦስት ሳምንቱ ደግሞ ሰልጣኙ አሰልጣኙ ፊት ተቀምጦ በራሱ ገጽ ላይ አንድ ለውጥ ያደርጋል፤ 5 ደቂቃ ይበቃል። «ከዋጋው ጎን የብዛት ዓምድ ጨምር» ይባላል። ገጹን ሌላ ሰው የሠራለት ሰው ዓምዱ የት እንደሚገባ ሲፈልግ ይታያል። ከጽሑፍ ፈተናው ሁሉ የላቀ መለኪያ ይህ ነበር ማለት ይቻላል፤ ማንንም ማሳፈር አላስፈለገም፣ ያልቻለው በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል።

ያልሠራው

ፒኤችፒና ዳታቤዝ ስልክ ላይ አልሆነም። ተሞከረ፤ የተለያየ ስልክ የተለያየ ችግር ያመጣል፣ አሰልጣኙም የ36 ስልክ ጥገና ባለሙያ መሆን አይችልም። ስለዚህ የሳምንቱ አንድ የላብ ምሽት ከአሥረኛው ሳምንት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ለዳታቤዝ ተሰጠ። በ17 ማሽን ሁለት ሁለት፣ አንዳንዱም ሦስት ሆነው፣ በየ20 ደቂቃው ኪቦርዱን እየተቀያየሩ ሠሩ። 2 ሰዓት ላይ ታክሲ ፍለጋ የሚወጡት፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ተጎዱ። ቅዳሜ ጠዋት ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ተከፈተ፤ ቅዳሜ የሚሠሩት ግን ያንንም አላገኙም። ይህ ሳይፈታ የቀረ ነው።

ላቡ ውስጥ ያለው ዣምፕ (ፒኤችፒንና ዳታቤዝን አንድ ላይ የሚጭነው ፕሮግራም) አሮጌ ስለነበር ሌላ መዘዝ ይዞ መጣ። ሰልጣኙ በቅጹ «ሰላም» ብሎ ይልካል፤ ዳታቤዙ ውስጥ «???» ሆኖ ይገኛል። የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ በ1999 (እ.ኤ.አ.) በ3.0 እትሙ ከገባ ቆይቷል፤ ያ ቁጥር በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ-8 አንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። አሮጌው ዳታቤዝ ግን ሠንጠረዡን ላቲን-1 በሚባለው ኮድ ነው የሚፈጥረው፤ እሱ ውስጥ ያለው ቦታ 256 ብቻ ነው። ለ«ሰ»፣ ለ«ላ»፣ ለ«ም» ቦታ ስለሌለው በጥያቄ ምልክት ይተካቸዋል፤ ከተተኩ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለም። በአንጻሩ አንዱ ፊደል ሦስት የማይነበቡ የባዕድ ምልክቶች ሆኖ ከወጣ ብዙውን ጊዜ ጽሑፉ አልጠፋም፤ የተበላሸው በፒኤችፒውና በዳታቤዙ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ገጹ ዩቲኤፍ-8፣ ግንኙነቱና ሠንጠረዡ ዩቲኤፍ-8 ኤምቢ-4 (ሙሉው ዩቲኤፍ-8 በዳታቤዙ ስም) መሆናቸው ታይቶ ነው የአማርኛ ቅጽ የሚሠራው። ይህን በመጀመሪያው የዳታቤዝ ምሽት ማስተማር ሲገባ በሦስተኛው ነው የተነገረው፤ በመካከሉ የገባ የትእዛዝ ዝርዝር ሁሉ ተደምስሶ እንደገና ተሞላ።

የሙድል የውይይት መድረክ አንድም ጊዜ ነፍስ አልዘራም፤ ጥያቄ ሁሉ ቴሌግራም ላይ ነው የሚጠየቀው። ኮሌጁ መጨረሻ ላይ መታገሉን ትቶ፣ ሁለት ጊዜ የተጠየቀ ጥያቄ መልሱ ወደ ትምህርቱ ገጽ እንዲዛወር ብቻ አደረገ። የምርጫ ጥያቄዎቹም ብዙ አልጠቀሙም፤ መልሱ ከሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይዞራል። ቅደም ተከተሉን ማደበላለቅ ያዘገየዋል እንጂ አይከለክለውም። ስለዚህ ከውጤቱ 5 ከመቶ ብቻ እንዲይዙ ተደረገ።

ውጤቱና ጥንቃቄው

በሁለተኛው ዙር ከ36ቱ 33 ኮርሱን ጨረሱ። በዚያው የባዶ ፋይል ልምምድ 24 ሰልጣኞች ገጹን ሠሩ። ልዩነቱ ትልቅ ቢሆንም ሁሉንም ለኮርሱ አሠራር መስጠት አይገባም። አሰልጣኙ ያንኑ ኮርስ ሲያስተምር ሁለተኛው ነው፤ ክፍሉም በሁለት ሰው አንሷል፤ ሰልጣኞቹም ስለ ቀድሞው ዙር ሰምተው ተጠንቅቀው ነው የመጡት። በተለይ የታየው ለውጥ በኤችቲኤምኤልና በሲኤስኤስ ነው። በዳታቤዙ ክፍል ሁለቱ ዙሮች ተቀራራቢ ናቸው፤ የላቡ እጥረት እንዳለ ነውና።

ለሌላ ኮሌጅ የሚሆነው

መጀመሪያ መታየት ያለበት የሰርቨሩ መዝገብ ነው፤ ማን፣ በምን፣ በስንት ሰዓት እንደሚገባ። ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ያልተገባ ወጪ ያስቀረውም እሱ ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱ ትምህርት በሜጋባይት ይመዘን፤ ከዚያም አዘጋጁ ራሱ በርካሽ ስልክ ላይ፣ ኮምፒውተር ሳይነካ፣ የቤት ሥራውን ሠርቶ ይሞክረው። የዚህ ኮርስ አዘጋጅ ይህን ያደረገው በሁለተኛው ዙር ነው፤ የመጀመሪያዋን ሴሚኮሎን (;) ለማግኘት ኪቦርዱን ሦስት ጊዜ መቀያየር እንዳለበት ያወቀውም ያኔ ነው።

ሥራ ሲበዛ መጀመሪያ የሚሠዋው የአሰልጣኙ እርማት ነው፤ ስለዚህ የሥራው ብዛት ከመወሰኑ በፊት ደቂቃው ይባዛ። በሳምንት አንድ በሰው ዓይን የታየ ሥራ፣ ማንም ካላያቸው አራት ይሻላል። የቡድን ሥራ ከተፈለገም የግሉ ከተለካ በኋላ ይምጣ።

ሰርቨሩን ለሚያስቀምጥ ደግሞ፦ ቋሚ አድራሻ፣ ክሮን፣ የሰዓት ሰቅ፣ የፋይል መጠን ገደብ፤ እነዚህ አራቱ በመጀመሪያው ቀን ይታዩ። ቅጂውም በፍላሽ ተደርጎ ከግቢው ውጭ ይቀመጥ። ኮሌጁ አሁን ከሰርቨሩ ጎን አንድ ገጽ ወረቀት ለጥፏል፤ መብራት ሲመጣ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚበራ፣ አድራሻው ስንት እንደሆነ፣ ማሽኑ ካልተነሳ ምን እንደሚታይ ይዘረዝራል። የወረቀቱን የመጀመሪያ ቅጂ የጻፈው አሰልጣኙ ነው፤ ሁለተኛውን ግን የጻፉት አሰልጣኙ በሌለበት ምሽት ሰርቨሩን ራሳቸው ያስነሱት ሁለት ሰልጣኞች ናቸው፤ እነሱ የጻፉት የበለጠ ግልጽ ስለሆነ እሱ ተለጥፏል።